ኮናንን ከየት ልጀምር ለምትሉ

የሰይፍና የአስማት ታሪክ ማንበብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ተዋጊው ጀግና ስለ ኮናን ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ፈጣሪው ሮበርት ኢ. ሃዋርድ ራሱ የጻፈውን አንብቡ። ይህን የምለው ገበያ ላይ ያለው ሁሉ የእሱ እጅ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ሃዋርድ የቴክሳስ ሰው ነው። ኮናን በዊርድ ቴልስ መጽሔት ላይ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1932 ነበር። ጸሐፊው በ1936 ሲሞት ገና 30 ዓመቱ ነው።

ከ1966 ጀምሮ ላንሰር የተባለ አሳታሚ ታሪኮቹን በኪስ መጽሐፍ አወጣቸው። አዘጋጁ ስፕራግ ደ ካምፕ ያላለቁትን ጨረሰ። ስለ ሌላ ጀግና የተጻፉትን ደግሞ ወደ ኮናን ቀየረ። ሽፋናቸው ግን ልብ ይሰርቃል! አብዛኞቹን የሳለው ፍራንክ ፍራዜታ ነው፤ ዛሬ ኮናን ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ያ ደንዳና፣ ፊቱ የጨለመ ሰው የእሱ ነው። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ካገኛችኋቸው ለሥዕሉ ብላችሁ ግዙ።

ለንባብ የምመርጠው ዴል ሬይ የተባለው አሳታሚ ያወጣውን ሦስት ቅጽ ነው። የሃዋርድን ጽሑፍ ሳይነካካ፣ በጻፈበት ቅደም ተከተል ያቀርባል። የመጀመሪያው ቅጽ የማርክ ሹልትዝ ሥዕሎች አሉበት። ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ብዙዎቹን በነጻ ታገኛላችሁ። ሥዕሉ ይቀርባችኋል እንጂ ታሪኩ ያው ነው።

መጀመሪያ የዝሆኑን ግንብ ታሪክ አንብቡ። ወጣቱ ኮናን ዕንቁ ሊሰርቅ ግንብ ይወጣል። ውስጥ የሚያገኘው የዝሆን ራስ ያለው፣ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ለብዙ ዘመን የተሠቃየ ፍጡር ነው። ያ ጨካኝ የምንለው ልጅ ፈርቶ አይሸሽም፤ ያዝንለታል። የሰው ልጅ በደል ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ የወደቀ ያህል ያፍራል። እኔን በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ያሰረኝ ይህ ገጽ ነው።

ሃዋርድ ስለ ጥቁሮች የጻፈው ብዙ ቦታ ያማል። ይህን ሳታውቁ እንድትገቡ አልፈልግም። አፍሪካ አሜሪካዊው ቻርልስ ሳውንደርስ ዘርፉን እየወደደ ኢማሮን ፈጠረ፤ አፍሪካን በሚመስል ምድር የሚዋጋ ጥቁር ጀግና። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1981 ወጣ። ከሃዋርድ ቀጥላችሁ እሱን አንብቡ።

ጸሐፊዋን ሲ. ኤል. ሙርን የማያነብ ሰው ያሳዝነኛል። ጂረል የተባለችው ቀይ ጸጉር ተዋጊዋ በኦክቶበር 1934 ስትመጣ የዊርድ ቴልስን ሽፋን የሳለችው ማርጋሬት ብሩንዴጅ ነበረች። ጸሐፊዋም፣ ሠዓሊዋም፣ ጀግናዋም ሴት!

ሌላውን የዊርድ ቴልስ ጸሐፊ ክላርክ አሽተን ስሚዝን ለኋላ አቆዩት። ቃላቱ ከባድ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነ ሰዎች መዝገበ ቃላት አጠገብ ያስፈልጋል። ፔንግዊን በ2014 ያወጣው ስብስብ ለመጀመር ይበቃል።

ዳላስ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ሃዋርድ የኖረበት ቤት ክሮስ ፕሌንስ በተባለች የቴክሳስ ከተማ ውስጥ ሙዚየም ሆኗል፤ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጁን ወር፣ አንባቢዎቹ እዚያ ይሰበሰባሉ። የሚጽፍባትን ጠባብ ክፍል እዩልኝ።