ሁለት ቃል ያለውን የከተማ ስም ታብ እንዴት ይጨርስልኝ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ተባበሩኝ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሲኤምዲ ሞጁል (ትዕዛዝ እየተጻፈላቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች መሥሪያ) የአውቶቡስ ትኬት መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው። «አዳማ» ላይ ታብ ስጫን ያለችግር ይጨርስልኛል። ጉዱ ያለው «ደብረ ብርሃን» ላይ ነው። ከትዕዛዙ ቀጥዬ «ደብረ ብ» ብዬ ታብ ስጫን «ደብረ ደብረ ብርሃን» ይሆናል። ሪድላይን (የሚጻፈውን መስመር ተቀብሎ ታብን የሚያስተናግደው ላይብረሪ) ስፔስን እንደ ቃል መለያ ስለሚያየው ለማሟያ ፈንክሽኔ የሚደርሰው «ብ» ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ሙሉውን ስም እመልስለታለሁ።

ስፔስን ከመለያዎቹ ባወጣው ባሰ። ትዕዛዙን ጨምሮ መስመሩን በሙሉ አንድ ቃል አድርጎ ይወስድና ጭራሽ ምንም አያመጣም። በሰረዝ ላያይዘው ብል ሰረዝም ራሱ መለያ ነው። ደግሞም ትኬት ቆራጮቹ ስሙን እንደለመዱት ቢጽፉ ነው ደስ የሚለኝ። ቀድሞ የተጻፈውን ቆርጬ «ብርሃን»ን ብቻ ልመልስ? ከሆነስ መቁረጫውን ከየት ልቁጠር? ሁለት ቀን ሙሉ እዚሁ ቆሜያለሁ።