ኤፌክሶር ማቆምና ማረጥ ተደራርበውባት፣ ኢንሹራንሱም ተቋርጦ

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው ለታላቅ እህቴ ነው። 48 ዓመቷ ነው፣ የወር አበባዋ ከተዛባ ሰንብቷል። ቬንላፋክሲን (ኤፌክሶር) የሚባለውን የድብርት መድኃኒት 75 ሚሊግራም ለዓመታት ስትወስድ ቆይታ ሥራ ስትቀይር ኢንሹራንሷ ተቋረጠ። ሐኪሙ በመጨረሻው ቀጠሮ «37.5 ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ አቁሚ» ብሏት አቆመች። ሳምንት አልፏታል። ጭንቅላቷን እንደ ኮረንቲ ይነዝራታል፣ ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልባታል፣ በሆነ ባልሆነው ታለቅሳለች። ይሄ መድኃኒቱን ማቆሟ ያመጣው ነው፣ ማረጡ ነው፣ ወይስ ድብርቱ ተመልሶ ነው? ወደ 37.5 ትመለስ? ያለ ኢንሹራንስስ ከየት ታመጣዋለች?

ፋርማሲስት_አሌክሳንድሪያ፦
ቀነ ገደብ ካለው ከኢንሹራንሱ ልጀምር። የሥራ ኢንሹራንስ ሲቋረጥ፣ ከተቋረጠበት ዕለት አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ከማርኬትፕሌስ (መንግሥት ካቋቋመው የኢንሹራንስ መገበያያ) መግዛት ይቻላል፤ በእናንተ በኩል ይሄ የሚሠራው በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን ነው። ገቢዋ ለሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ለሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) የሚያበቃት ከሆነ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይመዘግባሉ። የቀድሞው መሥሪያ ቤት 20 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ካለው ኮብራም፣ ማለትም የቀድሞውን ኢንሹራንስ ራስ እየከፈሉ መቀጠል፣ አለ፤ ለመወሰን 60 ቀን ይሰጣሉ፣ ከተከፈለ ሽፋኑ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ግን የአሠሪውን ድርሻም ራሷ ስለምትከፍል ዋጋው ያስደነግጣል።

እስከዚያው መድኃኒቱን በኩፖን ከኪሷ ትግዛ። ማዘዣው ላይ «ካፕሱል» መባሉን አረጋግጡ። በዝግታ የሚለቀው ታብሌት ያው ቬንላፋክሲን ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ በጣም ይወደዳል፣ ተሰብሮም አይወሰድም። የሚያዝላት ሐኪም ከሌለ እንደ ገቢ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ክሊኒኮች አሉ። ስትደውል «የድብርት መድኃኒት ተቋርጦብኝ ታምሜያለሁ» ትበል። «ሪፊል ፈልጌ ነበር» ብቻ ካለች ቀጠሮውን ሊያርቁባት ይችላሉ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ቬንላፋክሲን ከደም ቶሎ ይወጣል። በ5 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ጉበት ከእሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ደግሞ በ11 ሰዓት ገደማ። ሌላው የድብርት መድኃኒት ፕሮዛክ ግን ለመቀነስ ቀናት ይፈጅበታል፤ ለዚህ ነው ፕሮዛክ ሲቆም ብዙም የማይሰማው፣ ኤፌክሶርና ፓክሲል (ፓሮክሰቲን) የሚያስቸግሩት። ሌላው የማይነገረው ነገር ከ37.5 ወደ ዜሮ መውረድ ከ75 ወደ 37.5 ከመውረድ የባሰ ገደል መሆኑ ነው። ሆሮዊትዝና ቴይለር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2019 ላንሴት ሳይካያትሪ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ይሄን በሲታሎፕራም፣ በሌላ የድብርት መድኃኒት፣ አሳይተዋል፤ 40 ሚሊግራም የሴሮቶኒን ማጓጓዣውን (መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ የሚሠራበትን ቦታ) 86 በመቶ ያህል ይይዛል፣ 20 ሚሊግራም 80 በመቶ ያህል፣ 2.3 ሚሊግራም እንኳ ገና 40 በመቶ ገደማ። መጠኑ በግማሽ ሲቀነስ ሥራው በግማሽ አይቀንስም፤ የሚወድቀው መጨረሻው ላይ፣ በትንንሾቹ ሚሊግራሞች ነው። ስለዚህ ከታች ያለው መንገድ ረጅም መሆን አለበት።

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ፦
ከ37.5 በታች ግን አይመረትም አሉን።

ፋርማሲስት_አሌክሳንድሪያ፦
በካፕሱል አይመረትም፣ ግን ይከፈታል። ካፕሱሉ በነጭ ሳህን ላይ ተከፍቶ ጥቃቅኖቹ ፍሬዎች ይቆጠራሉ። ለምሳሌ 120 ቢሆኑ፣ 10 በመቶ ለመቀነስ 12 ፍሬ ይወጣል፣ የቀረው አንድ ማንኪያ አፕል ሶስ ላይ ተነስንሶ ሳይታኘክ ይዋጣል፣ ውኃ ይከተላል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ጸንቶ መቆየት፤ ከዚያ ከመጀመሪያው መጠን ሳይሆን ከአሁኑ ላይ 10 በመቶ። ፍሬው ከተፈጨ ወይም ከታኘከ በዝግታ የሚለቅበት ሽፋን ይፈርሳል፣ መድኃኒቱም ባንዴ ይለቀቃል። የፍሬው ብዛት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ አንዳንዱ ውስጥ ጭራሽ ጥቂት ትንንሽ ክኒኖች ብቻ ናቸው ያሉት፣ እነሱ ለዚህ አይሆኑም። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የፋብሪካ ስም ጻፉልኝና ወደ 37.5 ትመለስ ወይ የሚለውን እንነጋገርበታለን። የደም ግፊቷንም ለኩልኝ፣ ቬንላፋክሲን ግፊት ከፍ ያደርጋል። የመመለሱን ውሳኔ ግን ከሚያዝላት ሐኪም ጋር ነው የምትወስነው።

አዋላጅ_ለንደን፦
የመጀመሪያው ጥያቄ እንዳይረሳ። ቬንላፋክሲን ራሱ የማረጥን ሙቀት ያበርዳል። አሜሪካ ውስጥ በ2013 ፓሮክሰቲን 7.5 ሚሊግራም በተለይ ለዚህ ሙቀት ተፈቅዷል፤ ቬንላፋክሲንም 37.5 እና 75 ለዚሁ ይታዘዛል። እህትሽ ለዓመታት ሳታውቀው የማረጧን ሙቀት ሲሸፍንላት የነበረ መድኃኒት ነው ባንዴ የተነሳው። የሌሊቱ ላብ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ያልባል፣ ሙቀቱም መሸፈኛው ሲነሳ ይመጣል።

መለያው ይሄ ነው። ኮረንቲው፣ በተለይ ዓይን ወደ ጎን ሲዞር የሚነዝረው፣ ማዞሩና ቅዠቱ የማቋረጡ ነው፤ መጠን ከተቀነሰ በኋላ በቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ መድኃኒቱ ሲመለስ ብዙ ጊዜ በቀናት ይረግባል። ከደረት ተነስቶ ፊት ላይ የሚወጣ፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ብርድ የሚተካው ሙቀት የማረጡ ነው። ድብርቱ ሲመለስ ግን ቀስ ብሎ በሳምንታት ነው፤ ኮረንቲ የለበትም፣ ተስፋ መቁረጡና ነገር ሁሉ መሰልቸቱ ይበዛል። ደብተር ትያዝ፤ መጠን የተቀየረበት ቀን፣ ደም የታየበት ቀን፣ ሙቀቱ የመጣበት ሰዓት፣ የእንቅልፍ ሰዓት። በሁለት ወር ውስጥ የትኛው የትኛውን እንደሚከተል ይታያል።

ምርመራ፦ የታይሮይድ፣ የደም ማነስና የብረት ክምችት። ከ45 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት ማረጥን ለማረጋገጥ የሆርሞን ደም ምርመራ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ከቀን ቀን ይዋዥቃል፣ ገንዘብ ነው የሚበላው። እርግዝና ግን አሁንም ይቻላል፣ ለማረጥ የሚታዘዘው ሆርሞንም (ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን) እርግዝናን አይከላከልም። ሆርሞን የምትጀምር ከሆነ መድኃኒቱን በምትቀንስበት ሳምንት አትጀምር። አንዱ ይጽና፣ ሆርሞኑ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ይሥራ፣ ከዚያ ቅነሳው ይቀጥል። ሁለቱ ባንድ ላይ ከተነኩ ምን ምን እንዳመጣ አይታወቅም።

ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ እናንተ አገር የሚደወለው 988 ነው።

ወለተ_ማርያም፦
ልጆቼ፣ አንድ የዘነጋችሁት አለ። እሑድ ቅዳሴ እስኪያልቅ መድኃኒት የማይወስዱ ብዙ ናቸው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚወሰደው ወደ 7 ሰዓት ይገፋል፣ ከዚያ «ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ያዞረኛል» ይላሉ።

ፋርማሲስት_አሌክሳንድሪያ፦
እማማ፣ ልክ ብለዋል። መፍትሔው መውሰጃውን ወደ ማታ ማዛወር ነው፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት እየገፉ፣ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር። ረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው፣ ከአፍጥር ጋር። እንቅልፍ ከነሳ ግን ለሐኪሙ ይነገር። ለጸበል ብሎ ለሰባት ቀን ማቋረጥ ግን ጨርሶ አይሆንም። አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲጠየቁ ጸበልና መድኃኒት አይጋጩም ብለዋል።

ወለተ_ማርያም፦
እኔ አቋርጡ መች አልኩ? አጥማቂውን ጠይቁ ነው የምለው።

ፋርማሲስት_አሌክሳንድሪያ፦
አጥማቂው ስለ ጸበሉ ይናገር፣ ስለ ሚሊግራም አይናገር።

ጋሼ_ፍራንክፈርት፦
ዋናውን ነገር ማንም አልነካውም። አቁሚ የተባለች ሴት ለምን ዝም ብላ አቆመች? ገንዘብ ነው። ስንቶች ናቸው የራሳቸውን ክኒን ቀን እያሳለፉ እየወሰዱ ለአገር ቤት ኪራይና ለወንድም ልጅ ትምህርት ቤት የሚልኩ! ብር ከ2024 ሐምሌ ወዲህ ከረከሰ በኋላ እንኳ «ጨምሪ» ይባላሉ። ቀን እያሳለፉ መውሰድ ደግሞ በዚህ መድኃኒት ከሁሉ የከፋ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ማቋረጥ ማለት ነው። ሀዋላው ይቀነስ፣ ክኒኑ አይቀነስ።

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ ሀዋላ አልጠየቅኩም። ጠርሙሱን ማታ አየዋለሁ። ግን ሆርሞን የሚባለው ጡት ካንሰር አያመጣም?

ነርስ_ዳላስ፦
ያመጣል እንጂ! በ2002 ስለ ማረጥ ሆርሞን የሚደረገውን ትልቁን የአሜሪካ ጥናት እኮ አቋረጡት። እህትሽን ወደዚያ እንዳትመሯት፤ ተልባ ትጠጣ፣ ቡና ትቀንስ።

አዋላጅ_ለንደን፦
የተቋረጠው ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 63 የሆነ ሴቶችን በአፍ በሚዋጥ ኤስትሮጅንና ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን (ሰው ሠራሽ የፕሮጄስትሮን ዓይነት) ያየ ነው። የጡት ካንሰሩ በዓመት ከ10,000 ሴት ከ30 ወደ 38 ነው ያደገው። ማኅፀናቸው በወጣ፣ ኤስትሮጅን ብቻ በወሰዱት ላይ አልጨመረም። ዛሬ ለ48 ዓመት ሴት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በቆዳ የሚለጠፍ የኤስትሮጅን ፓች ነው፤ ብዙው በሳምንት ሁለቴ ይቀየራል፣ ታች ሆድ ወይም መቀመጫ ላይ ይለጠፋል፣ ጡት ላይ አይለጠፍም። ማኅፀን ካላት ፕሮጄስትሮን ግዴታ ነው፤ ለምሳሌ በየማታው 100 ሚሊግራም። ያንቀላፋል፣ ስለዚህ ሲተኛ ነው የሚወሰደው። እዚያ አገር ያለው ካፕሱል የለውዝ ዘይት አለበት፣ ለውዝ የሚያሳብጣት ከሆነ ትናገር። ጡት ካንሰር የነበረባት፣ ደም የረጋባት፣ የጉበት በሽታ ያለባት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ግን አትጀምርም።

ነርስ_ዳላስ፦
8 ሴት ላንቺ ቁጥር ነው፣ ለቤተሰቧ ግን እናት ናት።

አዋላጅ_ለንደን፦
ሌሊት ሳትተኛ ነድታ ለሥራ የምትሄደውም እናት ናት። ተልባ ይጠጣ፣ አልከለክልም፤ ግን የሌሊት ላብ ለሚያሰጥማት ሴት ተልባ ብቻ ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም።

ነርስ_ዳላስ፦
ለንደን ውስጥ ሆርሞን እንደ ከረሜላ ስለሚታደል ነው እንዲህ የምትዪው። እዚህ አንድ ነገር ቢመጣ የምንከሰሰው እኛ ነን።