የቁሌቱ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ባለሙያዎች እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የወንጀል ልብ ወለድ እየጻፍኩ መሃል ላይ ቀጥ ብያለሁ። ደም የማይበዛበት፣ ምግብ የሚበዛበት ዓይነት ነው። አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ ሪች በ1982 እ.ኤ.አ. የጀመረቻቸውን የሚስስ ፖተር ታሪኮች ያነበበ ያውቀዋል፦ ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ምግብ አዋቂ ሴት ፖሊስ ያላየውን ታያለች።

የእኔዋ ጡረታ የወጡ እትዬ ናቸው። ሟች ቤት መግባት አልቸገራቸውም፤ ለቀስተኛን ማን ይከለክላል? ጓዳ ገብተው ሽሮ እያማሰሉ ሁሉን ይሰማሉ። የቸገረኝ ማስረጃው ነው።

ተጠርጣሪዋ «እሁድ ከቅዳሴ የተመለስኩት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ወጥ የጣድኩትም ከዚያ በኋላ ነው» ትላለች። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ግን ዶሮ ወጡ ደርሷል። እትዬ ቀመሱት። ሽንኩርቱ ሟሙቷል፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ አይልም፣ ቅባቱ ከላይ ጠልሏል። «ይሄማ ከማለዳ የተጣደ ነው» አሉ። እስከዚህ ጮቤ ረግጫለሁ።

ከዚያ እህቴ አንብባ «ቁሌቱን ማታ ሠርታ ፍሪጅ ብታስገባውስ?» አትለኝም! አለቀልኝ።

እስቲ እጃችሁ የለመደ፦ ያደረ ቁሌትና የዕለት ቁሌት ወጥ ከሆኑ በኋላ ይለያሉ? በመዓዛ? በቀለም? ካልተለዩ ከመከለሻው፣ ከእንቁላሉ ወይም ከድስቱ ቂጥ ምን ፍንጭ ይገኛል? «መብራት ጠፍቶ ነበር» የሚለውን አስቤዋለሁ፤ ግን አቋራጭ ሆነብኝ።