ውሻ ከቀይ ቀበሮ ጋር ቢዳቀል ጉዳቱ ምንድነው?

የዲንሾ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ያደግኩት ባሌ ነው። ልጅ ሆኜ ዌብ ሸለቆ ከብት ስንጠብቅ አንድ ለየት ያለ ቀበሮ አየሁ። ቀይ ነው፤ ግን አፉ አጠር፣ ደረቱ ደልደል ያለ። አባቴ «የውሻ ዲቃላ ነው» አለኝ። ትናንት ልጄ ባዮሎጂ ስታጠና «አዲስ ጂን ሲገባ ዝርያ ይጠነክራል» የሚል አነበበችልኝ። ታዲያ የውሻው ጂን ቢገባ ምን ችግር አለው? ምን ልበላት?

ትዕግስት፦
ወንድሜ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያነበበችው እውነት ነው። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ የቀሩት ፑማዎች (ከድመት ወገን የሆኑ ትልልቅ አውሬዎች) 30 አይሞሉም ነበር። ዘመድ ከዘመድ ሲዋለዱ ጅራታቸው የተቆለመመ፣ ልባቸው ቀዳዳ ያለው ግልገል በዛ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከቴክሳስ 8 እንስቶች መጡ። 5ቱ ወለዱ፤ ግልገሎቹ ጤነኛ ሆኑ፣ ቁጥሩም አንሰራራ። የፍሎሪዳና የቴክሳስ ፑማዎች ግን ድሮም ይዋለዱ የነበሩ፣ መሃላቸውን ሰው የቆረጠው አንድ ወገን ናቸው።

ውሻ ሌላ ነው። ሰው ደጅ እንዲኖር ስንት ሺህ ዓመት ተመርጧል። የቀይ ቀበሮ ረጅም ቀጭን አፍ ደግሞ ፍልፈል ከጉድጓድ ለመመንተፍ የተበጀ ነው። ያየኸው አፍ ማጠሩ ቀላል ነገር አይደለም። ቁጥሩንም አስበው። አዋቂ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ 500 አይሞላም፤ ውሻ በየደጁ ነው። አንድ ጣሳ ወተት ላይ ጀሪካን ውሃ ብትገለብጥበት ወተት ነው ትለዋለህ?

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የሰሜን ተራራ፣ የጓሳ፣ የአርሲና የባሌ ቀበሮዎች አይገናኙም። መሃላቸው እርሻ ነው፣ ስምጥ ሸለቆ ነው። የገዛ ወገናቸው ጂን አይደርሳቸውም፤ የጎረቤት ውሻ ግን ይደርሳል።

የዲንሾ ልጅ፦
ገባኝ እህቴ። ግን ዲቃላው ከውሾቹ ጋር ለምን አይቀርም?

የጎባው፦
እናቲቱ ቀበሮ፣ አባትየው ውሻ ስለሆነ ነው። ቡችሎቹ የሚያድጉት ቀበሮ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ጂኑ እዚያው መንጋ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዌብ ሸለቆ በጂን ምርመራ የታየው ይኸው ነው። ደግሞ ውሻው በሽታም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ የሸለቆውን ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ጨረሰ። እኔ ሦስቱንም ውሾቼን አስከትቤያለሁ። ወንዱን ደግሞ ማታ ማታ አስረዋለሁ፤ ያላዝናል፣ ግን አልፈታውም።