«ንፍፊት» ወይስ «ቸነፈር»?

ተርጓሚው፦ ሰላም የቃል ወዳጆች። ስለ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ቡቦኒክ ፕሌግ» የሚል ቃል ላይ ተገተርኩ። እ.ኤ.አ. በ1347 የጄኖዋ መርከቦች ሲሲሊ፣ መሲና ወደብ ላይ ይዘውት የገቡት በሽታ ነው። ዝም ብዬ «ወረርሽኝ» ልበለው?

የሸዋ ልጅ፦ ኧረ ተው! ወረርሽኝ ከ«ወረረ» የመጣ ነው። አካሄዱን እንጂ በሽታውን አይነግርህም። ኮሌራም ኮቪድም ወረርሽኝ ነው። ለዚህኛው ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው፣ ከራብ ጋር የሚጠራው «ቸነፈር» አለልህ።

«ቡቦኒክ» ደግሞ ግሪክ ነው፤ ሥሩ ብሽሽት ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ሚስማር ወጋኝና ቁጣ ፈርቼ ደበቅኩ። በማግስቱ ብሽሽቴ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር አበጠች። አያቴ አረማመዴን ብቻ አይታ፣ «ንፍፊት ወጥቶብሃል፤ እግርህን አሳየኝ!» አለች። ቃልህ ይኸውልህ። የአይጥ ቁንጫ እግር ስትነክስ ተሕዋሲው ወደ ብሽሽት ዕጢ ይወጣል። ብብትና አንገት ላይም ያብጣል። የእኔ በሳምንት ጠፋች። የእነሱ ግን እንቁላል እስኪያህል ያብጥ ነበር፤ ትኩሳት ያንቀጠቅጣቸውና ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ ያልቃሉ።

ሐኪም ቢጤ፦ ንፍፊት ብቻውን አይበቃም። የካቶሊኩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የቀሌምንጦስ 6ኛ ሐኪም ጊ ደ ሾልያክ፣ እ.ኤ.አ. በ1348 ፈረንሳይ፣ አቪኞን ላይ በሽታውን ለሁለት ከፍሎታል። አንዱ ደም የሚያስተፋና በ3 ቀን የሚገድል ነው። ሌላው እባጭ ያለበት፣ በ5 ቀን የሚገድል። (እሱም ታሞ ተርፏል።) ስለዚህ «የንፍፊት ቸነፈር» እና «የሳንባ ቸነፈር» ብለህ ለያቸው።

ሕክምናው ጋ ስትደርስ ደግሞ «ዋግምት» እንዳትል አደራ። ዋግምት የቀንድ ሥራ ነው። የዚያን ዘመን ሐኪሞች ግን ደም ሥር በጥተው ነበር የሚያፈሱት። እባጩንም ይበጡታል። «በጣ» ለሁለቱም ይሆንሃል።

ግዕዝ ወዳድ፦ «መቅሠፍት»ን ለምን ረሳችሁት? ግዕዙ «ቀሠፈ» ነው፤ መታ፣ ቀጣ። ፈረንጆቹ ፕሌግ የሚሉትም ከላቲኑ «ፕላጋ» የመጣ ነው፤ እሱም ምት ማለት ነው! እኛም ምች «መታኝ» እንላለን። ደግሞ ይህ በሽታ የሚጠራበት «ጥቁር ሞት» በኋላ የወጣ ስም ነው። ያዩት ሰዎች «ታላቁ እልቂት» ነበር የሚሉት።

ተርጓሚው፦ «ኳራንቲን»ስ? በኮቪድ ጊዜ «ወሸባ» ሲባል ሰምቻለሁ።

ግዕዝ ወዳድ፦ ወሸባ ደስ ይላል፤ ግን አርባዋን ያስቀርብሃል። ራጉሳ፣ የዛሬዋ የክሮኤሺያ ከተማ ዱብሮቭኒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1377 በሽታው ካለበት አገር የመጣ ሁሉ 30 ቀን ተለይቶ ይቆይ ብላ ደነገገች። በኋላ 40 ሆነ፤ የቬኒስ ሰዎች «አርባ» ከሚሉት ቃል ኳራንቲን ወጣ። ለጽሑፍህ «የአርባ ቀን ወሸባ» በለው።

ተርጓሚው፦ ገባኝ፤ «የንፍፊት ቸነፈር» ብዬዋለሁ። አርታኢዬ «ንፍፊት ደግሞ ምንድነው?» ካለኝ፣ እግርህን አሳየኝ እለዋለሁ።