በዐቢይ ጾም ሃኖይ ምን ይበላል?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ፎ (የቬትናም የኑድል ሾርባ) ያለ ሥጋ ብናዝ ለጾም ይሆናል?

መልስ፦ አቦ፣ አይሆንም! መረቁ ራሱ የበሬ ወይም የዶሮ አጥንት ለሰዓታት ተቀቅሎ የወጣ ነው። አትክልት ጥብስ ላይ እንኳ ኑክ ማም የሚባል የዓሣ ፈሳሽ ይጨምራሉ። «ቻይ» የሚል ምልክት ያለበት ቤት ፈልጉ፤ የቡድሂስቶች ከሥጋ ነፃ ምግብ ነው። በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በ1 እና በ15 ብዙ ሰው ሥጋ ስለማይበላ በየቦታው ይገኛል፤ ቤቶቹም ያኔ ይጨናነቃሉ።

ሌላ መልስ፦ ቻይ ሲባል እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ይችላል። «ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት» የሚለውን በቬትናምኛ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ አሳዩ። በአፍ ከሆነ የድምፁ ቃና ሲዛነፍ ትርጉሙ ይለወጣል።

ሌላ መልስ፦ ቡናው ባብዛኛው ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዓይነት ነው፣ የሐረርን ጣዕም አትጠብቁ። «ካ ፌ ደን» ጥቁር ነው፤ «ስዋ» ከተባለ የጣሳ ወተት አለው።