ከኮርኒሱ በላይ የተደበቀ ቀዳዳ አገኘን፤ የቀሩትን ሕንፃውን ሳናፈርስ እንዴት እንፈልግ?

ጥያቄ፦ የሕንፃ አስተዳዳሪ (ቦሌ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለ 9 ፎቅ ሕንፃ አስተዳድራለሁ፤ ታች ሱቆችና ምግብ ቤት፣ ላይ ቢሮዎች ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ ተከራይ የኔትወርክ ኬብል ለማስገባት 5ኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ኮርኒስ አስከፈተ። ኤሌክትሪሻኑ "ና እይ" ብሎ ጠራኝ፤ መሰላል ላይ ወጥቼ በስልኬ መብራት አየሁት። ኬብል ከሻፍቱ (ኬብልና ቱቦ ከፎቅ ወደ ፎቅ ከሚያልፍበት ቀጥ ያለ ክፍተት) ወደ ኮሪደሩ የሚወጣበት ግድግዳ 40 በ60 ሳንቲሜትር ያህል ተበስቷል። መሃሉን ኬብሎችና ሁለት የፒቪሲ ቱቦዎች ይዘውታል። የቀረው ክፍተት በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተጠቅጥቆ ላዩ በስስ ልስን ተሸፍኗል። ልስኑ ረግፎ ወረቀቱ ይታያል፤ እጄን ሳስጠጋ ነፋስ ይመታኛል።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። 7ኛ ፎቅ ያሉት ተከራዮች ሁለት ዓመት ሙሉ "ረፋድ ላይ የቁሌት ሽታ ቢሯችን ይገባል" እያሉ ሲያመለክቱ ነበር፤ ምግብ ቤቱ ግን ያለው 1ኛ ፎቅ ነው። እኛ የወጥ ቤቱን ጭስ መሳቢያ ሁለት ጊዜ አስጠገንን። ለካ ሽታው በሻፍቱ ነው የሚወጣው። ቁሌት ከወጣበት ጭስም ይወጣበታል።

ባለቤቱ "ፎም ንፉበትና ኮርኒሱን ዝጉት፣ ተከራይ እንዳይደነግጥ" ብለውኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ፎም ይሆናል ወይ? የሌሎቹን ፎቆች ኮርኒስ በሙሉ ሳላወርድ እንዴት ልወቅ? ወጪውስ የማን ነው? ርክክቡ ከተፈጸመ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

መልስ፦ የኤሌክትሮመካኒካል መሐንዲስ

ኮርኒሱን አትዝጋው፤ ፎምም አታስነፋበት። ገበያ ላይ ያለው ተራው ፎም ፖሊዩረቴን ነው፤ ራሱ ይነዳል። በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አላባማ ውስጥ ብራውንስ ፌሪ በሚባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ሠራተኞች በኬብል ማለፊያ በኩል አየር ያልፍ እንደሆነ በሻማ ሲፈትሹ ማሸጊያው ፎም ተያያዘ። እሳቱ ሰባት ሰዓት ያህል ቆይቶ ከ1,600 በላይ ኬብል አበላሸ። አንተም ነፋሱን ልፈትሽ ብለህ ሻማ ወይም ክብሪት እንዳታስጠጋ አደራ። ቁራጭ ሶፍት ወረቀት ብታንጠለጥል በቂ ነው፤ ከተርገበገበ ያልፋል ማለት ነው።

ስለ ፍለጋው፦ እያንዳንዱን ቀዳዳ የበሳው ቱቦ ወይም ኬብል ሊያሳልፍ የፈለገ ሰው ነው። ስለዚህ መስመሩን ተከተል። የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ፕላኑን አውጣና ከሻፍት የሚወጣውን እያንዳንዱን መስመር በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርግበት። ከዚያ 1ኛ፣ 5ኛ እና 7ኛ ፎቅ ላይ ሦስት ሦስት ቦታ ክፈት፦ የኤሌክትሪክ ክፍሉ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ የሊፍቱ ፊት ለፊት። በተረፈ ከመብራቱ ቀዳዳ በኩል የሚገባ ቀጭን የቱቦ ካሜራ ተጠቀም።

ስትከፍት የግድግዳውን ጫፍም እየው። ብሎኬቱ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ቆሞ ሶሌታውን (የላይኛውን ፎቅ የኮንክሪት ወለል) ሳይነካ የቀረበት ሕንፃ ብዙ አይቻለሁ። እንዲህ ከሆነ ከታች ክፍሎች የሚመስሉት ከላይ አንድ አዳራሽ ናቸው።

ሦስቱም ፎቅ ላይ ያው ወረቀት ከተገኘ ፍለጋው ይብቃህ። የሠራው አንድ ቡድን ነው፤ ሁሉንም እንደተበላሸ ቁጠረውና ገንዘብህን ወደ ጥገናው አዙር።

መልስ፦ የፊኒሺንግ ፎርማን

ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? ወረቀቱን አውጥተህ በሲሚንቶና በአሸዋ ሞርታር ጥቅጥቅ አድርገህ ድፈነው። ሲሚንቶ አይነድም።

መልስ፦ ዱባይ ፋየርስቶፕ (እሳትና ጭስ የሚያግድ ማሸጊያ) የምሠራ

ፎርማን፣ ባዶ ለሆነ ቀዳዳ ልክ ነህ፤ ሞርታር ጥሩ ነው። ፒቪሲ ባለበት ግን አያዋጣም። ቱቦው ሲሞቅ ቀልጦ ይወድቃል፤ አንተ ዙሪያውን አሳምረህ የደፈንከው ሞርታር መሃል ላይ የቱቦውን ያህል ክብ ቀዳዳ ይቀራል። ለዚህ የሚሆነው ቱቦውን የሚያቅፍ ኮላር ነው። ውስጡ በሙቀት የሚያብጥ ነገር አለው፤ ቱቦው ሲለሰልስ ጨፍልቆ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ሶሌታ ላይ ከሆነ ከታች በኩል አንድ፣ ግድግዳ ላይ ከሆነ ግን በሁለቱም ወገን ይታሰራል። በሙጫ ወይም በማስቲሽ (ክፍተት መሙያ ልጥፍ) ብቻ እንዳይለጠፍ፤ ሶሌታው ወይም ግድግዳው ላይ በብረት ቡሎን መታሰር አለበት።

ኬብሉ ዘንድ ደግሞ የሮክዉል (የድንጋይ ሱፍ) ሰሌዳ በልክ ተቆርጦ ይገባል፤ ዙሪያውና በኬብሎቹ መካከል ያለው ክፍተት በሙቀት በሚያብጥ ማስቲሽ ይሞላል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው "እሳት ይቋቋማል" የሚል ጽሑፍ ያለበትን ማስቲሽ ገዝቶ በደስታ መመለሱ ነው። የተፈተነው ዕቃው ብቻውን አይደለም። የግድግዳው ዓይነትና ውፍረት፣ የቀዳዳው ስፋት፣ የሚያልፈው ነገር፣ ማሸጊያው በስንት ሚሊሜትር ጥልቀት እንደገባ፣ ሁሉም አብሮ ነው የተፈተነው። ሻጩን የፈተና ሰነዱን ጠይቀውና ከአንተ ቀዳዳ ጋር አስተያየው። ካልገጠመ አትግዛ።

ሌላው ምዝገባ ነው። እኛ እያንዳንዱን ማለፊያ ቁጥር ሰጥተን፣ ከመታሸጉ በፊትና በኋላ ፎቶ አንስተን፣ አጠገቡ ተለጣፊ ወረቀት እናደርጋለን፤ ይህ ሳይታይ ኮርኒስ አይዘጋም። ከዚያ ወዲህ ያለ አስተዳዳሪው የጽሑፍ ፈቃድ ማንም ግድግዳ እንዳይበሳ። ዛሬ ያሸግከውን ነገ የኢንተርኔት ቴክኒሻን በድሪል ይከፍተዋል።

መልስ፦ ለንደን የእሳት በር የምፈትሽ

ሰላም ወንድሜ። ያየኸውን አቅልለህ እንዳታየው። በ2009 እ.ኤ.አ. እዚህ ለንደን ላካናል ሀውስ በሚባል ባለ 14 ፎቅ ሕንፃ ስድስት ሰው ሞቷል፤ ሦስቱ ሕፃናት ነበሩ። ምርመራው ካወጣቸው ጉድለቶች መካከል በኮሪደሩ ኮርኒስ ውስጥ እሳትና ጭስ የሚያግድ ነገር አለመኖሩ ነበር። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ኮርኒሱ ንጹሕ ነው።

በሮችህንስ አይተሃል? ግሬንፌል የሚባለው የለንደን የመኖሪያ ሕንፃ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል ከሞቱት 72 ሰዎች መካከል የእኛም የኤርትራም ልጆች ነበሩ። ስለ ሕንፃው ሽፋን ብዙ ተብሏል፤ በኋላ ፖሊስ አንዱን የቤት በር ሲያስፈትነው ግን 30 ደቂቃ መቋቋም የነበረበት በር 15 ደቂቃ ያህል ነው የቆየው። አንዳንዶቹ በሮች ደግሞ ዶር ክሎዘር (በሩን ራሱ መልሶ የሚዘጋ መሣሪያ) አልነበራቸውም፤ ሰው ሸሽቶ ሲወጣ በሩ ክፍት ቀረና ጭሱ ተከትሎት ወጣ።

የደረጃ በሮችህን አንድ በአንድ ከፍተህ ልቀቃቸው፤ ራሳቸው ተመልሰው እስከ ቁልፉ ድረስ መዘጋት አለባቸው። ከላይና ከጎን ያለው ክፍተት 3 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን። በድንጋይ ተደግፎ የተከፈተ በር ካለህ ደግሞ ድንጋዩን ዛሬውኑ አንሳ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የእሳት አደጋ ሠራተኛ

ልጄ፣ ጥገናው ወራት ይፈጅብህ ይሆናል፤ ሰው ግን ሕንፃው ውስጥ ዛሬም ይውላል። ከዛሬ ማታ ጀምር። ኤሌክትሪክ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ካርቶን፣ ቀለም፣ መጥረጊያ ሁሉ አውጣ፤ በሥራ ዘመኔ ያላየሁበት ሕንፃ ጥቂት ነው። ጥበቃዎቹ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ሻፍቱ አጠገብ ይለፉ። የጭስ ጠቋሚው ይሠራ እንደሆነ አስፈትሽ። ለተከራዮቹም ንገራቸው፤ ሰው የሚደነግጠው ሲነገረው አይደለም፣ ጭስ ሲያይ ነው። ለእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም በደብዳቤ አሳውቅና መጥተው እንዲያዩ ጠይቅ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ወጪውን በተመለከተ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 3039 መሠረት የሕንፃ ተቋራጭ ለሥራው ደኅንነት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ ይህን የሚያሳጥር የውል ቃልም አይጸናም። ስድስት ዓመት ከሆነ ጊዜ አለዎት፤ ግን አይዘግዩ። ወረቀቱን ከማውጣትዎ በፊት ተቋራጩንና አማካሪውን በጽሑፍ ይጥሩ፤ ባሉበት ይከፈት፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ካልመጡ በገለልተኛ መሐንዲስ ያስመዝግቡ። ማስረጃው ያ ወረቀት ስለሆነ ቁራጩን በላስቲክ አሽገው ያስቀምጡት።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እሑድ ሦስቱን ፎቆች ከፈትን። 1ኛ እና 7ኛ ፎቅ ላይም ያው የሲሚንቶ ወረቀት ነው። የ7ኛው ፎቅ የመጸዳጃ ቤት ግድግዳም ሶሌታው ላይ አልደረሰም፤ ክንዴ ያልፋል። ባለቤቱን መሰላል ላይ አውጥቼ ሶፍቱ ሲርገበገብ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ከምግብ ቤቱ ጀምሩ" አሉኝ። ለተቋራጩ ደብዳቤው ትናንት ወጥቷል፤ የደረጃ በሮቹም ድንጋይ ተነሥቷል።

ዱባይ ያለኸው ወንድሜ፣ በፕላኑ 31 ማለፊያ ቆጥሬያለሁ፤ 14ቱ ላይ 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ አለ። ሁለት ቱቦ ተጣብቆ በሚያልፍበት ቦታ ኮላሩ እንዴት ይገባል?

ዱባይ ፋየርስቶፕ የምሠራ፦

ፎቶውን ሜትር አስይዘህ ላክልኝ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሚሊሜትር ይታይ። ለኮላር የማይበቃ ከሆነ አንዱን ቱቦ ማዛወር ሊያስፈልግ ይችላል፤ እሱን ሳናውቅ ዕቃ እንዳታዝ።